አዳሪ ትሁን ወይስ ተመላላሽ? መጀመሪያ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለውን ይጠይቁ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እናት ጽፈውልኛል። ፒያሳ ይኖሩ ነበር፤ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ልጃቸው 12 ዓመቷ ነው። የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተናን በጥሩ ውጤት አልፋለች። አራት ኪሎ አካባቢ፣ አዳሪም ተመላላሽም የሚቀበል የሴቶች ትምህርት ቤት ውስጥ 7ኛ ክፍል ቦታ አግኝታለች። አባትየው «አዳሪ ትግባ፤ መንገዱም ይቀርላታል፣ ሥርዓትም ትይዛለች» ይላሉ። እናትየው ሆዳቸው አልቻለም። ቀበና የምትኖር እህታቸው ደግሞ «እኔ ጋ ሆና ትማር» ብላለች። ልጅቷ ስትጠየቅ መልሷ «እናንተ እንዳላችሁ» ብቻ ነው። እስካሁን የተማረችው ከወንዶች ጋር ስለሆነም «ሴቶች ብቻ ያሉበት ገብታ ዓይን አፋር ብትሆንብኝስ?» የሚል ስጋት አለ።

እህቴ፣ በሴቶች ትምህርት ቤት አማካሪ ሆኜ ስሠራ ይህን ጥያቄ በየክረምቱ እሰማዋለሁ። ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድሩት ክፍያውንና ርቀቱን ነው። እኔ ግን ከሌላ ቦታ ልጀምር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ድረስ አዳሪና ተመላላሽ የሚባል ነገር የለም። ሰልፉ አንድ ነው፣ ዴስኩ አንድ ነው፣ አስተማሪውም ፈተናውም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው የመጨረሻው ደወል ሲደወል ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ከ9 ሰዓት ተኩል እስክትተኛ ድረስ ልጄ ከማን ጋር ናት? ምን ትሠራለች? ሲከፋት ማን ያያታል?» ነው። ለቤትዎ፣ ለእህትዎ ቤትና ለማደሪያው ይህንኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ።

ከቤትዎ እንጀምር። ከቦሌ አራብሳ ተነስቶ አራት ኪሎ ለ2 ሰዓት ሰልፍ ለመድረስ ሰርቪሱ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ያነሳታል እንበል። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ትነሳለች። ማታ መገናኛ ተዘጋግቶ ቤት ስትገባ 12 ይሆናል። እራት፣ የቤት ሥራ፣ ትንሽ ቴሌቪዥን። 4 ሰዓት ላይ ተኛች ብንል እንኳ እንቅልፏ 7 ሰዓት ነው። ሐኪሞች ለልጆች የሚመክሩት ግን ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉት ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። 7 ሰዓት እየተኛች የምትመላለስ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን ሰነፍ ትመስላለች። ሰርቪስ ውስጥ ትተኛለች እንዳይሉኝ፤ ሰርቪስ ውስጥ ማን ይተኛል? ወሬው የሚወራው፣ ያልተሠራው የቤት ሥራ የሚገለበጠው እዚያ ነው።

ስለዚህ በርቀቱ ነገር ከባለቤትዎ ጋር እስማማለሁ። «ሥርዓት ትይዛለች» በሚለው ግን አልስማማም። ማደሪያ የቅጣት ቦታ ሆኖ የቀረበላት ልጅ እንደተጣለች ነው የምትቆጥረው። አንድ ቀን ስትናደዱባት «ቆይ፣ አዳሪ ሳስገባሽ!» ብላችኋት ታውቁ እንደሆነ ያንን ቃል በግልጽ አንሱት። ረስታዋለች ብላችሁ አታስቡ።

እንዲያው ለነገሩ፣ በዚህ ሰፈር ልጃገረድን አዳሪ አድርጎ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። እቴጌ መነን በስማቸው የተጠራውን የሴቶች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። በደርግ ዘመን «የካቲት 12» የተባለው እሱ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች ያድሩበት ነበር፤ ለአውቶቡስና ለበቅሎ መንገድ ሌላ መፍትሔ አልነበረማ። ዛሬ ርቀቱ ከተማው ውስጥ ገብቷል። እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ እናትና አባቷ እዚሁ ከተማ እያሉ የምታድር ልጅ አሁን ብርቅ አይደለችም።

አሁን ወደ 7ኛ ክፍል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መካከለኛ ደረጃ የሚባለው 7ኛና 8ኛ ክፍል ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን እስካሁን «ሚኒስትሪ» የምንለው የ8ኛ ክፍል ፈተና አለ። ከአማርኛና ከመሰሎቹ በስተቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እኛ ለብቻ የተማርናቸው ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ «ጄኔራል ሳይንስ» ተብለው አንድ ላይ ገብተዋል። «ፊዚክስ የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቀኝ አባት በየዓመቱ አይጠፋም። በየትምህርቱ የተለያየ አስተማሪ ይገባል፤ የእያንዳንዱን ጠባይ ማወቅ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። ስለዚህ 6ኛ ክፍል ላይ ሦስተኛ ትወጣ የነበረች ልጅ በጥር ካርዷ አሥራ አምስተኛ ብትሆን አይደንግጡ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉም እንደ እሷ ከየትምህርት ቤታቸው ከፊት የወጡ ናቸው። «ስንተኛ ወጣሽ?» የሚለውን ለአንድ ወሰነ ትምህርት ይተውላትና «የትኛው ከበደሽ?» ይበሏት።

ወላጆች ሁሉ የሚያተኩሩት ውጤት ላይ ነው። እኔ ቢሮ የሚመጣው እንባ ግን አብዛኛው ከምሳ ሰዓት ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ቢቆሙ የሚያዩት ይህን ነው። አምስት ስድስት ልጆች ዛፍ ሥር ምሳ ዕቃቸውን ይገጥማሉ። የአንዷ ፍርፍር፣ የአንዷ ፓስታ፣ የአንዷ ሽሮ፤ ሁሉም ከሁሉም ይጎርሳል። ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብላ አንዲት ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። የምሳ ዕቃዋን ክዳን ግማሽ ድረስ ብቻ ከፍታ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞራ፣ ቶሎ ቶሎ ትበላለች። ትናንት ከእነሱ ጋር ነበረች። ማንም አልሰደባትም፤ ማንም አልገፋትም። «ዛሬ ከእሷ ጋር አታውሩ» ተብሏል፣ በቃ። ወንዶች ሲጣሉ ይደባደቡና ከሰዓት በኋላ ኳስ ይጫወታሉ ይባላል፤ ሁልጊዜ እንዲያ ባይሆንም። በዚህ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ልጆች ጠብ ግን ብዙውን ጊዜ ኩርፊያ ነው። ድምፅ ስለሌለው አስተማሪ አያየውም።

አዳሪና ተመላላሽ የሚለው ነገር እዚህ ጋ ይገባል። አዳሪዎቹ ምሳ የሚበሉት ካፌ ውስጥ ስለሆነ ዛፉ ሥር የሉም። ሳይፈልጉት ሁለት ጎራ ይሆናሉ። አዳሪዎቹ ማታ የተባለውን ሁሉ አብረው ስለሚያውቁ ጠዋት ላይ ተመላላሿ ወሬው ያልፋታል። ተመላላሿ ደግሞ አዳሪዎቹ የሌላቸው ነገር አላት፤ በር። ቺፕስ፣ ማስቲካ፣ የፀጉር ቅባት፣ አንዳንዴም ስልክ ይላክባታል። እምቢ ካለች ትኮረፋለች፤ እሺ ካለች ደግሞ በር ላይ ፍተሻ የምትያዘው እሷ ናት። እንዲህ ተይዛ ወላጅ ያስጠራች ልጅ ዕቃው የማን እንደሆነ ፈጽሞ አትናገርም። ስለዚህ ተመላላሽ ካደረጓት ገና በመስከረም «እናቴ ቦርሳዬን በየቀኑ ትፈትሻለች» ብላ እንድትናገር ይፍቀዱላት። ባይፈትሹም ችግር የለውም። እምቢ የምትልበት ሰበብ ያስፈልጋታል፤ ሰበቡ እርስዎ ይሁኑ።

አዳሪ ከሆነችስ? ኩርፊያው 9 ሰዓት ተኩል ላይ አያበቃም። ያኮረፈቻት ልጅ አልጋ እሷ አልጋ ጎን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ማደሪያው ውስጥ ያለችው አዋቂ ከዳይሬክተሩም ከአስተማሪውም በላይ የምታስፈልገው። ትምህርት ቤቱን ሲጎበኙ ቤተ ሙከራውን ያሳዩዎታል፤ እሺ ብለው ይዩ። ከዚያ ማትሮኗን፣ ማለትም የማደሪያውን ኃላፊ፣ ላነጋግራት ይበሉ። የስንት ልጆች ኃላፊ ናት? የምታድረው የት ነው፣ እዚያው ፎቅ ላይ ወይስ ሌላ ሕንፃ? ሌሊት ልጅ ብታለቅስ ማን ይሰማል? ማትሮኗ የልጆቹን ስም እየጠራች ከመለሰችልዎት ጥሩ ምልክት ነው። «ምንም ችግር የለም፣ ሁሉ ነገር ተሟልቷል» የምትል ከሆነ ደግሞ እንደገና ይጠይቁ።

ውሃውንም ይጠይቁ። መሐል ከተማ ነው ብለው አይተማመኑ፤ ፈረቃው እዚያም አለ። ሮቶው ስንት ቀን ያቆያል? ይህን የምለው አለምክንያት አይደለም። ልጅዎ የወር አበባ ገና ካላየች፣ ምናልባት እዚያ እያለች ልታይ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ያያሉ። እስከ 15 ካላየች ሐኪም ማማከር ነው። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሁለት ዓመት ቀኑ ሊዛባ እንደሚችል አሁኑኑ ይንገሯት፤ አለበለዚያ አንድ ወር ሲዘል ብቻዋን ትሸበራለች። ሁለት ሞዴስና አንድ ፓንት በትንሽ የጨርቅ ቦርሳ አድርገው ደብተሮቿ መሐል ይክተቱላት። ሰማያዊ ቀሚስ ላይ እድፍ አይታይም ይባላል፤ ይታያል። ማትሮኗንም «ሌሊት ሞዴስ ቢያስፈልጋት ከየት ታገኛለች?» ብለው ይጠይቋት። ቁልፉ ጠዋት በሚመጣ ሰው እጅ ከሆነ ገና ያላሰቡበት ነገር አለ ማለት ነው። ስለ ጤና ካነሳን፣ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች በትምህርት ቤት ጭምር ይሰጣል። ልጅዎ ካልወሰደች መቼ እንደሚሰጥ ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ።

ደህንነትን በተመለከተ ይሉኝታ አያስፈልግም። ዓርብ ልጅቷን ማን ነው የሚወስዳት? «አጎቷ ነኝ» ብሎ የመጣ ሁሉ ይወስዳታል ወይስ እርስዎ ፈርመው ያስመዘገቧቸው ሰዎች ብቻ? ወንድ ሠራተኛ ወደ ማደሪያው የሚገባው መቼና ከማን ጋር ነው? ልጅ አንድ ነገር ደርሶብኛል ብትል ለማን ነው የምትነግረው? ከዚያስ ምን ይደረጋል? ይህን ሲጠይቁ ፊቱን የሚያጠቁር ትምህርት ቤት ካጋጠመዎት ሌላውን ጥያቄ መጨረስ አያስፈልግዎትም። ለልጅዎ ደግሞ በግልጽ ይንገሯት። «ማንም ይሁን፣ አስተማሪም ቢሆን፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ ካለሽ ያን ቀን ንገሪኝ፤ አልቆጣም» ይበሏት።

ስለ እህትዎ ቤት ልምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ አክስት ቤት ሆኖ መማር የቆየ ነገር ነው፤ ስንቱ ሰው በዚያ መንገድ ተምሯል። ከቀበና አራት ኪሎ በእግር ይደረሳል፤ ሰርቪስም አያሻም። በደብዳቤዎ ግን እህትዎ ሱቅ እንዳላትና ሦስት ትንንሽ ልጆች እንደምታሳድግ ነግረውኛል። እንግዲህ ያቺኑ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ማን አለ? አክስት ሱቅ ናት። ልጅዎ ከትምህርት ቤት እንደገባች ሕፃን ትይዛለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ «እስኪ ሱቅ ድረስ» ትባላለች። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ያለች ትልቅ ሴት ልጅ እሷ ስለሆነች ነው። አክስትን እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። እርስዎም ቢሆኑ እህትዎን «ልጄን አታስሪያት» ማለት ይከብድዎታል። የምትተኛበት ቦታ፣ የምታጠናበት ጠረጴዛና የምታጠናበት ሰዓት አስቀድሞ ካልተነገረ በየካቲት ሁለት እህትማማቾች ተኮራርፈው ይገኛሉ። እኔ ቀበናን የማየው ሌላ ጥቅም ስላለው ነው። ልጅዎ ብትታመም፣ ዝናብ መንገድ ቢዘጋ፣ በ20 ደቂቃ የሚደርስላት ዘመድ ናት። ፈርመው የሚያስመዘግቧት አንደኛዋ ሰው እሷ ትሁን።

ዓይን አፋርነቱ ብዙ አያሳስበኝም። በየአገሩ የተሠሩ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ሴቶች ብቻ መሆናቸው በውጤት ላይ ያን ያህል የጎላ ልዩነት አላሳየም፤ የቤተሰብ አቅምና የትምህርት ቤቱ ጥራት ይበልጣል። ስለዚህ «ሴቶች ብቻ ስለሆኑ ጎበዝ ይሆናሉ» የሚልዎትም ያጋንናል። በዓይኔ የማየው ግን አለ። ባንዲራ የምትሰቅለው ሴት ናት፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ማይክ የምትይዘው ሴት ናት፣ ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲል ገመድ የምትነቃቅለው ሴት ናት። «ለዚህ ወንድ ጥሩ» የሚል የለም። ወንዶችን ከየት ታገኛለች ቢሉኝ፣ ከሰፈር፣ ከአጎትና ከአክስት ልጆች፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት። አዳሪ ብትሆን ደግሞ በሳምንት መጨረሻ ቤት መምጣቷ ለዚህም ይጠቅማታል። ስለ ወንዶች ወሬው አይቀንስም፤ እንዲያውም ይብሳል። እሱ ግን ጤነኛ ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ። በእርስዎ ሁኔታ፣ ትምህርት ቤቱ ዓርብ ከሰዓት አውጥቶ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት የሚመልስ ከሆነ አዳሪ ትሁን። ማትሮኗን አነጋግረው ልብዎ ከተቀበላት ማለቴ ነው። በየወሩ ወይም በወሰነ ትምህርት መጨረሻ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ግን ለ12 ዓመት ልጅ አልመክርም፤ የመንገዱን ድካም ተቋቁማ ዘንድሮን ብትመላለስ ይሻላል። የ7ኛ ክፍል ልጅ ቢያንስ በሳምንት አንዴ የእናቷን ቤት ሽሮ መብላት አለባት። ይህ ሳይንስ አይደለም፤ የእኔ አቋም ነው።

ከዚህ በፊት ግን ልጅቷ መልስ ትስጥ። «እናንተ እንዳላችሁ» እሺታ አይደለም። ወይ ፈርታለች፣ ወይ አባትና እናት መጣላታቸውን ሰምታ መሐል መግባት አልፈለገችም። ሁለታችሁ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አትጠይቋት። ፀጉሯን እየሠሩላት፣ ፊቷን ሳያዩ፣ «አዳሪ ብትሆኚ በጣም የሚያስጠላሽ ምን ይሆን?» ይበሏት። ሽንት ቤቱ ነው ልትል ትችላለች። ጨለማ ነው፣ ሌላ ልጅ እያየ ልብስ መቀየር ነው፣ ድመቴ ናት ልትል ትችላለች። እነዚህ መፍትሔ አላቸው። «እናንተ ትለያያላችሁ ወይ?» ያለችም ገጥማኛለች። ያ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይነገራት።

ከገባች በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ይከብዳሉ፤ እሑድ ማታ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ስታለቅስ «ካልተመቸሽ ወዲያው መጥቼ እወስድሻለሁ» አይበሏት። ያን ከሰማች ለመልመድ መሞከሯን ትታ እርስዎን ትጠብቃለች። ይልቅ ቀን ይቁረጡ፤ «እስከ ጥር እንሞክር፣ ከዚያ ሦስታችን ቁጭ ብለን እንወስናለን» ይበሉና ቃልዎን ይጠብቁ። ስልክም በየማታው አይሁን፤ የታወቀ ቀንና ሰዓት ይኑረው። እርስዎ ስልኩ ላይ አያልቅሱ። ከዘጉ በኋላ እንደፈለጉ።

እኔ «ደህና ነሽ?» አልልም፤ ሁሉም ደህና ነኝ ይላል። «ማታ ከማን ጋር በላሽ? ፀጉርሽን ማን ሠራሽ?» እላለሁ። ቅዳሜ ግቢ የቀሩት አዳሪዎች ደረጃ ላይ በሰልፍ ተቀምጠው አንዷ የአንዷን ሹሩባ ትሠራለች። ፀጉሯን የሚሠራላት ያገኘች ልጅ ሰው አግኝታለች። (ቅማልም የምታገኘው እዚያው ነው፤ በየሳምንቱ ይዩላት።) በኅዳር መጀመሪያ ላይ የሁለት ልጆች ስም መጥራት ካቃታት ዩኒት ሊደሯን ያነጋግሩ። በየሰኞው ሆዷን ካመማት፣ ከከሳች፣ ገላዋን መታጠብ ከተወች፣ ወይም የምትወደውን ትምህርት ድንገት ከጣለች እስከ ጥር አይጠብቁ።

ለሻንጣው፦ ሁለት ጥንድ አንሶላ፣ ነጠላ ጫማ፣ ወፍራም ፒጃማ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ጋቢ ቢጨምሩላት አትከፋም። ስሟን ካልሲው ላይ ሳይቀር በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፉ፤ ነጭ ካልሲ ሁሉ አንድ ነው። ለሎከሯ ጓንጉላ ቁልፍ ይግዙላት። ሁለተኛውን መክፈቻ ግን ለማትሮኗ ይስጡት፤ የመጀመሪያው ጥቅምት ሳይገባ ይጠፋል።